የቤት ዋይፋይ ላፕቶፕ ላይ ያዝ ለቀቅ ሲያረግ ከየት ጀምረን ምን እንንካ

እህቴ ከቤት ሆና ነው ምትሰራው። ባለፈው ክረምት በቪዲዮ ስብሰባ መሃል ፊቷ ደርቆ ይቀራል፣ ድምጿ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል፣ ከዛ ጭራሽ ትጠፋለች። እኔ ደሞ ቤት ውስጥ "ኮምፒውተር ይነካካል" ተብዬ የተሾምኩ ሰው ስለሆንኩ ተጠራሁ። ምን እንዳረኩ ልንገራችሁ፣ ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ፓስወርድ ቀየርኩ፣ ድራይቨር አወረድኩ፣ ዲኤንኤስ ቀየርኩ፣ ሁሉንም ባንድ ማታ። በማግስቱ ትንሽ የተሻለ መሰለ፣ በሦስተኛው ቀን እንደነበረው ሆነ፣ ከነካካሁት ውስጥ የቱ እንደጠቀመ የቱ እንደጎዳ ለኔም ጠፋኝ። መጨረሻ ላይ ሲገኝ ችግሩ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፣ አንዱ ላፕቶፑ ሆድ ውስጥ፣ አንዱ ደሞ የእንጀራ ምጣድ ጋር የተያያዘ። ሁለቱንም ወደታች አመጣቸዋለሁ።

ስለዚ እንደኔ እንዳታረጉ ነው ይሄን ምፅፈው። ኢንተርኔት ላፕቶፓችሁ ጋ ሚደርሰው ሁለት እግር ይዞ ነው፣ አንደኛው ከላፕቶፕ እስከ ራውተር ያለው የአየር መንገድ፣ ሁለተኛው ከራውተር ወደ ውጪ ሚወጣው መስመር። ሰው ሁለቱንም "ዋይፋይ" ነው ሚለው። የቱ እግር እንደሚያነክስ ሳታውቁ ምንም ነገር አትንኩ፣ ካወቃችሁ በኋላ ደሞ አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ አንድ ቀን ጠብቁ።

መጀመሪያ፦ ላፕቶፑ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም?

ሲቋረጥ ስልካችሁን አንሱና ላፕቶፑ ያለበት ቦታ ላይ፣ እዛው ወንበር ላይ ሆናችሁ፣ የስልኩን ዳታ አጥፍታችሁ በዋይፋዩ ብቻ የሆነ ገፅ ክፈቱ። ዳታውን ማጥፋቱን አትርሱ፣ አለበለዚያ ስልኩ ራሱ ዝም ብሎ ወደ ዳታ ይዞርና "ስልኬ ላይ ይሰራል" ትላላችሁ። ሳሎን ሄዳችሁ ራውተሩ ስር ቆማችሁ መሞከርም አይሆንም፣ ቦታው ያው መሆን አለበት።

ስልኩ ደህና ሆኖ ላፕቶፑ ብቻ ከጠፋ ጥፋቱ ላፕቶፑ ጋ የመሆኑ ነገር ከፍ ይላል። ሁለቱም ከጠፉ ራውተሩ፣ መስመሩ ወይ እዛ ቦታ ላይ ሚደርሰው ሲግናል ነው። ተገልብጦ ደሞ ላፕቶፑን ከስልካችሁ ሆትስፖት ጋር አገናኙትና ግማሽ ሰአት ስሩበት፣ እዛም ላይ ከተቆራረጠ ራውተሩን በነፃ አሰናብቱት። ግን ሆትስፖት ላይ ከመግባታችሁ በፊት ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ያንን ኔትወርክ "ሜተርድ ኮኔክሽን" አርጉት፣ አለዚያ አፕዴት ጀምሮ ፓኬጃችሁን ሻይ ሳትጠጡ ይጨርሰዋል።

ሁለተኛ፦ ሁለቱን እግር በፒንግ መለየት

ይሄ የፅሁፉ እምብርት ነው፣ ሌላውን ብትዘሉ እንኳን ይሄን አትዝለሉ። ፒንግ ማለት ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደመጣ ሚቆጥር ትእዛዝ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሲኤምዲ ብላችሁ ፈልጉና ጥቁሩን መስኮት ክፈቱ። አይፒኮንፊግ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ አይ ፒ ሲ ኦ ኤን ኤፍ አይ ጂ፣ አጣብቃችሁ ፃፉና ኢንተር። ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ "ዲፎልት ጌትዌይ" ሚለው ጎን ያለው ቁጥር የራውተራችሁ አድራሻ ነው። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይ 192.168.0.1 ነው፣ አንዳንድ የፋይበር ሳጥኖች ላይ ደሞ 192.168.100.1። በዛው "አይፒ አድራሻ" ሚለው ጋ 169.254 ብሎ ሚጀምር ቁጥር ካያችሁ ላፕቶፑ ከራውተሩ አድራሻ አልተሰጠውም ማለት ነው፣ ፒንጉ ይቆይና ኔትወርኩን "ፎርጌት" አርጋችሁ እንደ አዲስ ፓስወርድ አስገብታችሁ ግቡ፣ ካልሆነ ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ።

አሁን ሁለት ጥቁር መስኮት ጎን ለጎን ክፈቱ። አንዱ ላይ ፒንግ፣ ክፍተት፣ የራውተራችሁ ቁጥር፣ ክፍተት፣ ከዛ ሰረዝና ቲ አንድ ላይ ተጣብቀው። ሌላኛው ላይ ተመሳሳይ፣ ግን በራውተሩ ቁጥር ምትክ 8.8.8.8፣ እሱ የጉግል ነው፣ ከቤታችሁ ውጪ ያለ ነገር ነው። ቲዋ "እስካስቆምህ ቀጥል" ማለት ናት። ማክ ላይ ከሆናችሁ ተርሚናል ውስጥ ቲ አያስፈልግም፣ ራሱ አያቆምም። ሁለቱን ክፍት ትታችሁ ስራችሁን ስሩ፣ ልክ ሲቋረጥ ዞር ብላችሁ እዩ።

የራውተሩ መስኮት በየሰከንዱ ጥቂት ሚሊሰከንድ፣ 2፣ 4፣ 3፣ እያለ መመለስ አለበት፣ አልፎ አልፎ 20 ቢል ችግር የለውም። እሱ "ሪኩዌስት ታይምድ አውት" ማለት ከጀመረ ወይ 300፣ 900 እያለ ከዘለለ የመጀመሪያው እግር ነው፣ አየሩ ወይ ላፕቶፑ። "ጄነራል ፌይለር" ካለ ደሞ ላፕቶፑ ጭራሽ ከዋይፋዩ ወርዷል። የራውተሩ መስኮት ደህና እየመለሰ 8.8.8.8 ብቻ ከደረቀ የውጪው መስመር ነው፣ ላፕቶፑን አትበድሉት። ሁለቱም እየመለሱ ገፅ ብቻ እምቢ ካለ ሦስተኛ አይነት ነው፣ ሁሉንም በየተራ እናያለን። ስትጨርሱ ኮንትሮልና ሲ ስትጫኑ ከመቶ ስንቱ እንደጠፋ ይቆጥርላችኋል፣ ራውተሩ ላይ ከ0 ወይ ከ1 ፐርሰንት በላይ መጥፋት የለበትም።

እህቴ ላፕቶፕ ላይ ይሄን ሳረግ በአስር ደቂቃ ውስጥ የራውተሩ መስኮት ሩቡን ያህል ጥሏል። ራውተሩ ደሞ ያለው ግድግዳውን አልፎ ሦስት ሜትር ላይ ነው። ያኔ ነው ለሁለት ሳምንት አቅራቢውን ስሰድብ እንደከረምኩ የገባኝ።

የመጀመሪያው እግር ሲያነክስ፦ አየሩና ላፕቶፑ

ከቦታው እንጀምር ምክንያቱም ነፃ ነው። ብዙ ቤት ራውተሩ የት ነው ያለው? ወይ ቴሌቪዥን ጀርባ፣ ወይ ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆ ጋር፣ ወይ ፍሪጅ ላይ፣ ላዩ ላይ ደሞ ዳንቴል። እናቴ ዳንቴል ታለብሰው ነበር፣ አቧራ እንዳይገባበት ብላ፣ ብዙ ጊዜ አንስቼ ብዙ ጊዜ ተመልሷል፣ መጨረሻ ላይ በእጇ ሙቀቱን አስነክቼ ነው የተስማማነው። ራውተር ጎኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች መተንፈሻው ናቸው። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ደሞ ብረት ናቸው፣ ብረት ሲግናሉን ያግደዋል። ከፍ ያለ ቦታ፣ ገላጣ ላይ፣ ቤቱ መሃል አካባቢ አስቀምጡት። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የብሎኬት ግድግዳ አንድ ሁለቱን ይታገሳል፣ ብረት ያለበት ኮንክሪት ወለልና ኮለን ግን ክፉ ነው፣ ስለዚ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ውስጥ ላይና ታች መካፈል ጎን ለጎን ከመካፈል ይከብዳል። ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ከሆናችሁ ደሞ የቆርቆሮ ግድግዳና የብረት በር አለ፣ እሱን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ሲግናሉን በአይን ከመገመት በቁጥር እዩት። ዊንዶውስ ጥቁሩ መስኮት ላይ ኔትሽ፣ አፃፃፉ ኤን ኢ ቲ ኤስ ኤች፣ ክፍተት፣ ዋላን፣ እሱ ደሞ ደብሊው ኤል ኤ ኤን፣ ክፍተት፣ ሾው፣ ክፍተት፣ ኢንተርፌስስ ብላችሁ ስትፅፉ ሲግናሉን በፐርሰንት፣ ቻናሉን፣ ፍጥነቱን ያወጣላችኋል። ማክ ላይ ኦፕሽን ተጭናችሁ የዋይፋዩን ምልክት መንካት ነው፣ አርኤስኤስአይ ሚል ከማይነስ ጋር የተፃፈ ቁጥር ታያላችሁ። እሱ ቁጥር ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል፣ ማይነስ 50 ምርጥ ነው፣ እስከ ማይነስ 67 ድረስ ቪዲዮ ስብሰባ ይሄዳል፣ ማይነስ 75 ላይ መንገዳገድ ይጀምራል፣ ከማይነስ 80 በኋላ በቃ ተስፋ ብቻ ነው ሚቀረው።

ቀጥሎ ባንዱ። አሁን ያሉት ራውተሮች ብዙዎቹ ሁለት ባንድ፣ ማለትም ሁለት የሬዲዮ መንገድ፣ አላቸው፣ 2.4 ጊጋኸርዝና 5 ጊጋኸርዝ። 2.4 ሩቅ ይሄዳል ግድግዳም ያልፋል፣ ግን መንገዱ የተጨናነቀ ነው፣ የጎረቤት ዋይፋይ ሁሉ፣ ብሉቱዝ፣ ማይክሮዌቭ ያለው ቤት ማይክሮዌቩም እዛው ላይ ነው። 5 ፈጣንና ፀጥ ያለ ነው ግን ሁለት ግድግዳ ካለፈ ይደክመዋል። ራውተሩ ሁለቱንም በአንድ አይነት ስም ካወጣ ላፕቶፑ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘል ለሰከንዶች ይቋረጣል፣ ይሄ ነው ብዙ ሰው "ያለምክንያት" ሚለው። ራውተሩ ውስጥ ግቡና (ቅድም ያገኛችሁትን የራውተሩን ቁጥር ብራውዘር ላይ በመፃፍ ነው ሚገባው) ስማቸውን ለዩ፣ 2.4ቱን "ቤት" 5ቱን "ቤት 5" በሉት፣ ራውተሩ ቅርብ ከሆናችሁ 5ቱን፣ ከራቃችሁ 2.4ቱን ብቻ ያዙ፣ ሌላኛውን ላፕቶፑ ላይ ፎርጌት አርጉት።

2.4 ላይ ከቆያችሁ ቻናሉን፣ ባንዱ ውስጥ ራውተሩ የያዘውን መስመር፣ እዩ። ማይደራረቡት ሦስት ቻናሎች ብቻ ናቸው፣ 1፣ 6 እና 11። ስልክ ላይ የዋይፋይ አናላይዘር አይነት አፕ ጭናችሁ የጎረቤቶቻችሁን ስታዩ፣ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ውስጥ ሃያ ሰላሳ ስም ታገኛላችሁ፣ ከሦስቱ ክፍት ሚመስለውን ምረጡ። 3 ወይ 8 ላይ ላረገው ብላችሁ ብልጥ አትሁኑ፣ ከሁለቱም ጎን ነው ምትጋጩት። የቻናሉን ስፋትም 40 ከሆነ ወደ 20 ሜጋኸርዝ መልሱት።

እዚጋ አንድ ተንኮል አለ። እኛ ሀገር ከአሜሪካ ያገለገለ የመጣ ላፕቶፕ አለ። አሜሪካ ውስጥ ቻናል 12 እና 13 በተለምዶ አይሰራባቸውም፣ ስለዚ ለዛ ገበያ የተሰሩ አንዳንድ ላፕቶፖች እነሱን ጭራሽ አያዩም። ራውተሩ "አውቶ" ላይ ሆኖ አንድ ቀን ወደ 13 ሲሄድ ስልኮቹ ሁሉ ያዩታል፣ ላፕቶፑ ግን የዋይፋዩ ስም ራሱ ይጠፋበታል፣ ሰዉ ደሞ ላፕቶፑ ተበላሸ ብሎ ሰሪ ጋ ይወስዳል። ስሙ አንዳንዴ ሚታይ አንዳንዴ ማይታይ ከሆነ አውቶውን አጥፍታችሁ 1፣ 6 ወይ 11 ላይ ቸንክሩት።

አሁን ላፕቶፑ ውስጥ እንግባ። መጀመሪያ ኃይል ቁጠባው፣ ምክንያቱም ዊንዶውስ ባትሪ ላቆጥብ ብሎ የዋይፋይ ካርዱን ያስተኛዋል፣ ሲቀሰቅሰው ደሞ ሁሌ አይነሳለትም። ምልክቱ ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሲሆን ደህና፣ ባትሪ ላይ ሲሆን ሚቆራረጥ፣ ወይ ከተከደነበት ሲከፈት ዋይፋዩ ማይመጣ ከሆነ ነው። የስታርት ምልክቱን በቀኝ ንኩና ዲቫይስ ማናጀር፣ ኔትወርክ አዳፕተርስ፣ ከዛ ስሙ ላይ ዋይፋይ ወይ ዋየርለስ ያለበትን ሁለቴ ንኩ፣ ፓወር ማኔጅመንት ሚለው ውስጥ "ኃይል ለመቆጠብ ኮምፒውተሩ ይሄን እንዲያጠፋ ፍቀድ" ሚል ትርጉም ያለው ምልክት አለ፣ አንሱት። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይሄ ገፅ ጭራሽ የለም፣ ከሌለ ፈልጋችሁ አትድከሙ፣ ከመተኛት ሲነሳ ብቻ ከሆነ ችግሩ ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት ይበቃል።

ድራይቨር፣ ዊንዶውስ የዋይፋይ ካርዱን ሚያዝበት ፕሮግራም፣ ላይ አንድ ምክር ብቻ፣ ከላፕቶፑ አምራች ገፅ፣ ዴል ከሆነ ከዴል፣ ኤችፒ ከሆነ ከኤችፒ፣ ሞዴሉን አስገብታችሁ አውርዱ። "ሁሉንም ድራይቨር ባንዴ እናድሳለን" ሚሉትን ፕሮግራሞች አትንኩ፣ ከነሱ የተረፈ ማስታወቂያ ሳፀዳ ስንት ማታ አልፎብኛል። ችግሩ የጀመረው ከአፕዴት በኋላ ከሆነ ደሞ እዛው ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ድራይቨር ሚለው ገፅ ላይ "ሮል ባክ" አለ፣ ወደነበረው ይመልሰዋል።

ሌላው፣ ሰው ማይጠረጥረው ነገር፣ ዩኤስቢ 3። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ በተለይ ሰማያዊዋ ቀዳዳ ውስጥ ሚሰካው፣ ሲሰራ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ጫጫታ ያወጣል። ፊልም ስትገለብጡ ዋይፋዩ ከሞተ፣ ብሉቱዝ ማውሱም ከተንቀጠቀጠ፣ ሃርድ ዲስኩን በሌላኛው ጎን ሰክታችሁ ራቅ አርጉት ወይ 5ቱ ባንድ ላይ ግቡ።

ከዛ የእህቴ። ላፕቶፑ ራም ተጨምሮለት ነበር፣ ከችግሩ ሳምንት በፊት። እኔ ሳልጠይቅ እሷም ሳትነግረኝ ቀረ፣ ምን ያገናኘዋል ብላ። ኋላውን ስከፍተው የዋይፋይ ካርዷ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች፣ እሷ ላይ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ፣ ጫፋቸው ላይ የሩዝ ፍሬ የማታክል ወርቃማ ቁልፍ አለች፣ ካርዱ ላይ ቀጭ ብላ ትገባለች። እነዚህ ናቸው አንቴናው፣ በስክሪኑ ጠርዝ ነው ሚወጡት። ነጩ ተነቅሎ እንዲሁ ተኝቷል፣ ጥቁሩ በከፊል ነው የተቀመጠው። ለዛ ነው ራውተሩ ስር ስትቀመጥ ደህና ሆኖ ክፍሏ ስትገባ ሚሞተው። ላፕቶፑን አጥፍቼ፣ ባትሪውን ነቅዬ፣ በጣቴ ጫፍ ቀጥ አርጌ ጫንኳቸው፣ ቀጭ አሉ። ማይነስ 81 የነበረው ያው ወንበር ላይ ማይነስ 54 ሆነ። ላፕቶፓችሁ በቅርብ ከተከፈተ፣ ራም ይሁን ባትሪ ይሁን ኪቦርድ፣ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። መክፈት ካልደፈራችሁ ወደከፈተው ሰው መልሳችሁ "የአንቴናውን ሽቦ እይልኝ" በሉት፣ የሁለት ደቂቃ ስራ ነው።

ይሄ ሁሉ ካልሰራ ኔትወርክ ሪሴት አለ፣ ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ ገብታችሁ አድቫንስድ ሚለው ስር ታገኙታላችሁ። የተቀመጡ ፓስወርዶችንና ቪፒኤኖችን (ኢንተርኔታችሁን በሌላ ቦታ አዙረው ሚያወጡትን) ሁሉ ይደመስሳል፣ ስለዚ ፓስወርዱን ሳትይዙ እንዳትነኩት። ካርዱ ራሱ ሞቶ ከሆነ ደሞ በዩኤስቢ ሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ አዳፕተር ይሸጣል፣ ላፕቶፕ ከመቀየር እሱን ሞክሩ፣ ስትገዙ 5 ጊጋኸርዝ ሚይዘውን።

ሁለተኛው እግር ሲያነክስ፦ ራውተሩና መስመሩ

የራውተሩ ፒንግ ደህና ሆኖ የውጪው ከጠፋ መብራቶቹን እዩ። ፋይበር ከሆነ ሎስ ሚለው ላይ ቀይ ብልጭ ድርግም ሲል ብርሃኑ እየገባ አይደለም። ቢጫ ወይ ነጭ ቀጭኗን ገመድ ተከተሉ፣ በር ቀርጥፏት ይሆናል፣ ሶፋ ተጭኗት ይሆናል፣ ፋይበር ውስጡ መስታወት ነው፣ እንደ መብራት ገመድ ጠቅልላችሁ አታጥፉት። ጫፉን ነቅላችሁ ወደ አይን አታምጡት። በድሮው የስልክ መስመር፣ በኤዲኤስኤል፣ ከሆነ ዲኤስኤል ሚለው መብራት ሳይቆራረጥ መብራት አለበት፣ እያበራ እያጠፋ ከሆነ ስልኩን አንሱና አዳምጡ፣ ፉጨት ወይ መንኮሻኮሽ ካለ ሽቦው ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ ሚብስ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሆነ ቦታ መጋጠሚያው ውሃ ገብቶት ነው። ቤት ውስጥ ከአንድ በላይ ስልክ ካለ እያንዳንዱ ፊት ማጣሪያዋ ትንሿ ሳጥን መኖር አለባት።

ከዛ ኤሌክትሪኩ። ምጣዱ ያልኳችሁ እዚጋ ነው። ላፕቶፑን ከሰራሁት በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ብቻ ለሁለት ለሦስት ደቂቃ ሁሉም ሰው ላይ ይጠፋል። ሰአቱን ወረቀት ላይ እየፃፍን ቆየን፣ 3 ሰአት ከ10፣ 3 ሰአት ከ40። ከዛ እናቴ ሊጥ ልታወጣ ስትነሳ ገባኝ። ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል፣ የኛ መስመር ደካማ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ራውተሩ ላይ ያሉት መብራቶች ሁሉ ጥፍት ብለው እንደ አዲስ ይነሳሉ፣ ተነስቶ እስኪገናኝ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ራውተሩና ምጣዱ ባንድ መስመር ላይ ናቸው፣ ዲቫይደሩ ደሞ ስክ ሲል ሚላላ አሮጌ ነው። ራውተሩን ወደ ሌላ ሶኬት ወሰድኩት፣ በኋላ ለራውተር ምትሆን ትንሽ ባትሪ፣ ሚኒ ዩፒኤስ ሚሏትን፣ ገዛን። መብራት ሲሄድም ትይዛለች። ስትገዙ ራውተራችሁ ስር ያለውን ፅሁፍ አንብቡ፣ አንዳንዱ 12 ቮልት ነው አንዳንዱ 9፣ ሶኬቷ ገባች ማለት ትክክል ናት ማለት አይደለም። አዳፕተሩን ከሌላ እቃ ጋር ቀያይራችሁ ከሆነም ያው ነው፣ አምፒሩ ያነሰ አዳፕተር ራውተሩን ያስነሳዋል ግን ሰው ሲበዛበት ይወድቃል።

ማታ ማታ ብቻ ከሆነ፣ ከ1 ሰአት እስከ 4 ሰአት፣ ብዙ ጊዜ መጨናነቅ ነው፣ የሰፈሩ ወይ የቤታችሁ። የቤታችሁ ከሆነ መያዝ ቀላል ነው፣ ሁለቱ ፒንግ ክፍት ሆነው የ8.8.8.8 ቁጥር ከተለመደው ተነስቶ 800፣ 1500 እያለ ሲዘል፣ የሆነ ሰው የሆነ ነገር እየጫነ ነው። ወደ ላይ መጫን ከማውረድ በላይ ይጎዳል፣ በተለይ ኤዲኤስኤል ላይ መውጫው ጠባብ ነው፣ አንድ ስልክ የሰርግ ቪዲዮ ወደ ጉግል ፎቶስ ሲልክ የቤቱ ሰው ሁሉ ይታነቃል። ቴሌግራም ላይ አውቶ ዳውንሎድን አጥፉ፣ የፎቶ ባክአፑን ለሊት አርጉት። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ የተገናኙትን ቁጠሩ፣ ቤት ውስጥ ካለው ስልክና ላፕቶፕ ከበለጡ ፓስወርዱ ግቢውን ዞሯል። የጎረቤት ልጅ ከሆነ ተቆጥታችሁ አትነጥቁ፣ ራውተሩ ላይ "ጌስት"፣ የእንግዳ ዋይፋይ፣ ሚል ካለ እሱን ስጡት፣ አንዳንድ ራውተር ላይ ፍጥነቱን መወሰን ይቻላል። ፓስወርዱን ስትቀይሩ ደብሊውፒኤስ ሚለውንም፣ ያለ ፓስወርድ በቁልፍ ወይ በፒን ሚያስገባውን፣ አጥፉት።

ሁለቱም ደህና ሆኖ ገፅ ካልከፈተ

እዚ ሦስት ነገር ብቻ እዩ። ቪፒኤን፣ በተለይ ነፃው፣ ሳይዘጋ ቀርቶ ወይ ወድቆ መንገዱን ዘግቶት ይሆናል፣ ዝጉት፣ ሴቲንግ ውስጥ ፕሮክሲ ሚለውም በርቶ ከቀረ አጥፉት። ሁለተኛው ዲኤንኤስ፣ የገፅ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ ሚቀይረው፣ ዋይፋዩ ፕሮፐርቲ ውስጥ ገብታችሁ 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 አስገቡ።

ሦስተኛው ቀኑ ነው፣ ይሄ የኛ ሀገር በሽታ ነው። አንድ ጎረቤታችን፣ ጋሼ ምንላቸው ትልቅ ሰው፣ "ኢንተርኔቱ ሁሉንም ገፅ አደገኛ ነው ይለኛል" ብለው ጠሩኝ። ላፕቶፑን ስከፍት አመተ ምህረቱ በኛ አቆጣጠር ነው የተሞላው፣ ሰአቱም በኛ፣ ትክክል ነው ብለው ራሳቸው አስተካክለውት ነው። ገፆች ደሞ ምስክር ወረቀታቸው ሚፀናው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ ስለሆነ፣ ላፕቶፑ ሰባት ስምንት አመት ወደኋላ ሲሆን ብራውዘሩ ገና ያልተወለደ ወረቀት አየሁ ብሎ ይደነግጣል። ቀኑን በፈረንጅ አርጉት፣ ታይም ዞኑን ዊንዶውስ ላይ አዲስ አበባ ሚል ስለማታገኙ ናይሮቢ ሚለውን፣ ፕላስ 3 ያለውን፣ ምረጡ። ላፕቶፑ በጠፋ በበራ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ ሚመለስ ከሆነ ውስጥ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች።

ሰርቪስ ቤትና ሩቅ ክፍል

ሲግናሉ ማይነስ 80 ሆኖ ምንም ብታረጉ ማይሻሻል ከሆነ ሴቲንግ አይፈታውም፣ ርቀት ነው። ግድግዳ ላይ ሚሰካው ኤክስቴንደር ቀላል ነው ግን ርካሹ ባንድ አፍ ሰምቶ በዛው አፍ ስለሚያወራ ፍጥነቱን ግማሽ አካባቢ ይበላዋል፣ የደከመ ሲግናል ላይ ከሰካችሁት ደሞ ሚደግመው ድካሙን ነው። እኔ ምመርጠው ገመድ ነው። የኔትወርክ ገመድ፣ ካት 5ኢ ይበቃል፣ በሜትር ይሸጣል፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሰራል፣ ጫፉን ሻጮቹ ራሳቸው ያስሩላችኋል። ውጪ ሚያልፍ ከሆነ በፕላስቲክ ቱቦ አሳልፉት፣ ፀሀይ ላስቲኩን ትበላዋለች።

ሩቁ ጫፍ ላይ ሚሰካው ሳጥን ውስጥ የጣላችሁት አሮጌ ራውተር ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ለብቻው ከላፕቶፕ ጋር አገናኙትና አድራሻውን ቀይሩት፣ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ይሄኛው 192.168.1.2 ይሁን። ከዛ ዲኤችሲፒ ሚለውን አጥፉ፣ አድራሻ አዳይ አንድ ብቻ ነው መኖር ያለበት፣ ሁለት ከሆኑ አንዳንዱ ሰው ይሰራለታል አንዳንዱ አይሰራለትም፣ እሱ ደሞ ራሱን የቻለ እብደት ነው። የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ ከዋናው ጋር አንድ አርጉት፣ ቻናሉን ግን ለዩት፣ ዋናው 1 ላይ ከሆነ ይሄ 11። ገመዱን ስትሰኩ ዋን ሚለው ቀዳዳ ውስጥ ሳይሆን ከተራዎቹ ላን ቀዳዳዎች አንዱ ውስጥ። በቃ።

አቅራቢው ጋ ስትደውሉ

የውጪው መስመር መሆኑን ካረጋገጣችሁ ማስረጃ ይዛችሁ ደውሉ። "ኢንተርኔቱ አይሰራም" ካላችሁ "አጥፍተው ያብሩት" ትባላላችሁ፣ እውነታቸውን ነው፣ ሌላ ምን ይበሉ። "በገመድ አገናኝቼም ያው ነው፣ ራውተሩ ይመልሳል ውጪው ይጠፋል፣ ማክሰኞ ማታ ከ2 ሰአት እስከ 2 ከ20፣ ሀሙስም እንደዛው፣ ሎሱ ቀይ ነበር" ስትሉ ወሬው ይቀየራል። ሰአቱን ለማግኘት ዊንዶውስ ራሱ መዝገብ አለው፣ ጥቁሩን መስኮት በአድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ ኔትሽ ዋላን ሾው ዋላንሪፖርት ብላችሁ ስትፅፉ፣ መጨረሻው ላይ ዋላንና ሪፖርት አንድ ላይ ተጣብቀው ነው፣ ያለፉትን ሦስት ቀን ዋይፋዩ መቼ እንደተገናኘ መቼ እንደወረደ ከነምክንያቱ በገፅ ያወጣላችኋል። ላፕቶፑ ከዋይፋዩ ያልወረደበት ሰአት ላይ ኢንተርኔት ከጠፋ ጥፋቱ የናንተ እንዳልሆነ እዛው ላይ ታዩታላችሁ። ሰአቱ በፈረንጅ ነው፣ 19 ከ30 ያለው የኛ ማታ 1 ከ30 ነው፣ ስትናገሩ እንዳትደናገሩ፣ አቤቱታችሁ የተመዘገበበትን ቁጥርም ሳትቀበሉ ስልኩን አትዝጉ።